የባዶው ቤት ጭስ

ተጠጉ። ተጠጉ እንጂ፤ መብራቱ እንደሆነ ዛሬ አይመጣም። ማንደጃውን ወደ መሀል ሳቡት። ልጄ ጀርባዬ ላይ ተኝቷል፤ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው የማወራው። ያልሰማ ይጠጋ።

ተረት ነው ካላችሁ «የላም በረት» ብላችሁ ተቀበሉ፤ አልከለክልም። እኔ ግን ተረት ነው ብዬ አልጀምርም። የነገሩኝም ተረት ነው ብለው አልነገሩኝም።

ዛሬ ቀን ያንን ደላላ ያየ አለ? የእትዬ ስንዱን ግድግዳ በጣቱ ሲያንኳኳ፣ ጣሪያውን አንጋጦ ሲያይ? እኔ ልብስ ሳሰጣ አየሁት። የባለቤታቸው አርባ ገና መውጣቱ ነው። የሟች ወንድሞች ከኋላው ነበሩ። ደላላው በሩ ላይ ቆሞ «ቤቶች» አለ። እትዬ ዝም አሉ። እኛም ዝም አልን። ማንም ስላልመለሰለት ዝም ብሎ ገባ፤ ነገ ገዢ ይዤ እመጣለሁ ብሎ ወጣ። እትዬ፣ ቤትዎ ተቀምጬ ነገርዎን ስላነሳሁ አይቀየሙኝ። ቀኑን ሙሉ አንድ ታሪክ ሲመላለስብኝ ዋለ። እሱን ካላወራሁት አልተኛም።

ድሮ ነው። የመንደሩን ስም አልጠራም፤ ዘራቸው አለና። ሰዓቱ ለዓይን ያዝ የሚያደርግበት ነው። ቀን አይደለም፣ ሌሊትም አይደለም፤ ከሩቅ የቆመው ነገር ሰው ይሁን ቁጥቋጦ አይለይም። መንገዱ ከገበያው ወርዶ፣ ወንዙን ዳር ዳር ይዞ፣ ዳገቱን የሚወጣ ቀጭን መንገድ ነው። በአንድ ወገን ገደል፣ በአንድ ወገን እሾህ። ሁለት ሰው ጎን ለጎን አይሄድበትም። ከመሸ ማን ይሄድበታል? ማንም አይሄድበትም። አንድ ሰው ብቻ ይሄድበታል።

ሰውየው እንግዳሸት ይባላል። ደላላ ነው። የከብት ደላላ አይደለም፣ የእህልም ደላላ አይደለም። የቤት ደላላ ነው።

እንግዳሸት ቤት ይወዳል። ሰው ፈረስ እንደሚወደው ነው የሚወደው። ቤት ሲገባ መጀመሪያ አይናገርም። የበሩ ደፍ ላይ ይቆምና በአፍንጫው ይስባል። ዝናብ የሚያስገባ ቤት ሽታው ሌላ ነው፤ አይጥ የበዛበት ቤት ሽታው ሌላ ነው። ከዚያ መዳፉን ግድግዳው ላይ ያኖራል። ጭቃው በደንብ የቦካ ነው? ጭዱ ይበቃዋል? ማገሩን ምስጥ በልቶታል? መዳፉ ይነግረዋል። ደፉን ያያል። ደፉ መሀል ለመሀል የተበላ ከሆነ ሰዎቹ ተረጋግተው የሚወጡና የሚገቡ ናቸው። ዳር ዳሩ የተበላ ከሆነ በዚያ ቤት ሰው እየተገፋፋ ነው የኖረው ይላል። ሰዎች ይስቁበታል። ግን ቤት ሊገዙ ሲሉ እሱን ነው የሚጠሩት።

የእሱስ ቤት የት ነው? ትሉኛላችሁ። የለውም። ስንቱን ጣሪያ ስር አግብቶ እሱ የሚያድረው ጠጅ ቤት ጥግ፣ ቁርበት ላይ ነው። ሚስት የለውም፤ ምድጃም የለውም።

አንድ ብልሃት ነበረችው። ጭስ የማይወጣበት ቤት አይሸጥም ይላል። ሰው ባዶ ቤት አይወድም። ሰው የሚፈልገው ሌላ ሰው የኖረበትን ነው። ስለዚህ ገዢ የሚመጣ ቀን እንግዳሸት አስቀድሞ ይሄድና ባዶው ቤት ውስጥ እሳት ያነዳል። ጭሱ ከሣር ክዳኑ እየተነነ ሲወጣ ገዢው ከሩቅ ያያል፤ ልቡ ይሞቃል። ገና ሳይገባ ገዝቶታል።

አሁን ስለ ቤቱ ልንገራችሁ። ዳገቱ ራስ ላይ አንድ ቤት ነበረ። እማማ ላቀች የሚባሉ ሴት ናቸው ያሠሩት። ያሠሩት ስል ቆመው አዘዙ ማለቴ አይደለም፤ ጭቃውን በእግራቸው አብኩተዋል። ከትንሹ ልጃቸው ከውብእሸት ጋር ኖሩበት። ውብእሸት ደብሪቱን አገባ። አማትና ምራት አንድ ቤት ገቡ። ከዚያ በኋላማ ምን ልበላችሁ። ሰፈሩ ጠዋት የሚነሳው በዶሮ አልነበረም፤ በእማማ ላቀችና በደብሪቱ ክርክር ነበር። ዕንጨቱን እንዲህ አይማግዱም፣ እንዲህ ነው የሚማግዱት። ጨው አበዛሽ፣ የለም እርስዎ ነዎት ያበዙት። በዓመት በዓል እንኳ አይታረቁም።

እማማ ላቀች ሞቱ። ዓመት ሳይሞላ ውብእሸትም ሞተ። ደብሪቱ ጡት ከሚጠባ ልጅ ጋር ቀረች። ቀረች ስል መች ቀረች። የባሏ ታላቅ ወንድም አንዳርጌ ታናሹን አስከትሎ መጣ። ቤቱ የእናታችን ነው፣ አንቺ በእግርሽ የመጣሽ በእግርሽ ሂጂ አላት። ልጁም ቢሆን ሲያድግ ይምጣ፣ ያኔ እናያለን አለ። ይሄን ሲሏት እየሳቁ ነበር ይላሉ። ያደገችበት አገር ሩቅ ነው፤ እናት አባቷ የሉም። ወንዙ አጠገብ ያለች ጎረቤት የጥጃ ማሰሪያዋን ጥግ ሰጠቻት። ቤቱ ከተሸጠ ያ ጥግ ነው የሷም የልጇም ዕጣ።

አሁን አንድ ነገር ያዙልኝ። በዚያ መንደር ወግ አለ። ቤት ሲለቀቅ እሳቱን የምታጠፋው የቤቱ ሴት ናት። በገዛ እጇ ውሃ አፍስሳ ታጠፋዋለች። ያኔ ቤቱ ተለቀቀ ይባላል። አዲሲቱ ደግሞ ከቀድሞ ቤቷ ፍም በገል ይዛ ትገባለች። ወንዶች ይሄን ነገር የሴት ወሬ ነው ብለው ችላ ይሉታል። አንዳርጌም ችላ አለው። እሱ በር ላይ ቆሞ ሲጮህ ደብሪቱ ምን አደረገች? አላለቀሰችም። ውሃ አላፈሰሰችም። ጎንበስ ብላ ፍሙን ሰብስባ፣ አመድ አልብሳ፣ ማታ ማታ እንደምታደርገው አዳፈነችው። ልጇን አዝላ ወጣች።

እሳት ቢዳፈን ስንት ጊዜ ይቆያል? እናንተ ሴቶች ንገሩኝ። ሌሊቱን ያድራል። ዕንጨቱ ወይራ ከሆነ ረፋዱን ያገኘዋል። ከዚያ ወዲያ አመድ ነው።

ደብሪቱ ከወጣች ወር ሊሞላት ሲል አንዳርጌ እንግዳሸትን ጠራው። ቤቱን ሽጥልኝ አለው። ገዢም ተገኘ፤ ከወንዝ ማዶ የሚኖር በቅሎ ነጋዴ ነው፣ ሚስት ሊያገባ ነው። እንግዳሸት እንደ ልማዱ እሳት ሊያነድ አስቀድሞ ወጣ። ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ደረሰ። ክብሪት አውጥቶ ምድጃው ላይ ጎንበስ አለ። አመዱን በዕንጨት ጫረው።

ፍም ነው።

ቀይ ፍም። እንደ ዓይን ተከፍቶ አየው።

ምን አሰበ መሰላችሁ? እረኛ ዝናብ ተጠልሎ ይሆናል አለ። ሰው የማይፈልገውን ነገር ሲያይ ሁልጊዜ እረኛ አያጣም። ክብሪቱን ወደ ኪሱ መለሰ። ጭራሮ ጨመረ፣ እፍ አለ፣ ነደደ። ነጋዴው ጭሱን ከማዶ አየው። ቤቱን ወደደው። በገበያው ማግስት ሽማግሌ ይዤ እመጣለሁ ብሎ ሄደ። እንግዳሸት እሳቱን እንዳለ ትቶት ወጣ። ደላላ እሳት አያዳፍንም፤ የሱ አይደለማ።

በሌላ ቀን ማታ ተመለሰ። አመዱን ጫረ። ፍሙ ተዳፍኗል። በደንብ ተዳፍኗል፤ አመዱ ክብ ሆኖ፣ ጠርዙ ተስተካክሎ። ወለሉን አየ። ወለሉ በእበት ተለቅልቋል። ገና እርጥብ ነው። የጣት መስመሮች ወለሉ ላይ ይታያሉ፤ ግማሽ ክብ፣ ግማሽ ክብ እየሆኑ እስከ በሩ ይሄዳሉ። እንግዳሸት ቤት የሚያይ ሰው ነው፤ አጎንብሶ መስመሮቹን አየ። የትንሿ ጣት መስመር የለም። በየክቡ የትንሿ ጣት ቦታ ባዶ ነው።

በመንደሩ ትንሿ ጣቷ ወደ መዳፏ ታጥፋ የቀረች አንዲት ሴት ነበረች። ማን ናት? እንግዳሸት ያውቃታል። ሁሉም ያውቃታል። እንግዳሸት ቀብሯ ላይ ነበር፤ አፈር ካለበሷት አንዱ ነው።

ሮጦ ወጣ? ብልህ ቢሆን ይወጣ ነበር። እሱ ግን ገዢ ቀጥሯል። በዕድሜው ቀጥሮ ያልሸጠው ቤት የለም። አንዷ ጎረቤት ጠርጋ ይሆናል፣ ጣቷን ቆርጧት ይሆናል አለ። ሄደ።

ሦስተኛው ማታ ገዢው ከሚመጣበት ቀን ዋዜማ ነው። ወንዙ ይሰማል። ሌላ ምንም አይሰማም። እንግዳሸት ገባ፣ ምድጃው አጠገብ ተቀመጠ፣ ፍሙን ጫረ፣ ዕንጨት ጨመረ። ሙቀቱ ፊቱን ሲነካው ደስ አለው። የሱ ቤት ቢሆን ብሎ አሰበ። ይሄኔ ከአጥሩ ወዲያ ድምፅ መጣ።

«ቤቶች።»

እንግዳሸት ልማድ አለበት አላልኳችሁም? ገዢ ሲመጣ ውስጥ ሆኖ እንደ ባለቤት ይመልሳል። አፉ ለምዷል። ሳያስበው «ግቡ» አለ።

ማንም አልገባም።

«ቤቶች።» አሁን ድምፁ ከግቢው መሀል ነው። የእግር ኮቴ የለም።

«ግቡ» አለ፤ ቀስ ብሎ።

«ቤቶች።» አሁን ደፉ ላይ ነው። እንግዳሸት ቀና አለ። መጀመሪያ ያየው ገል ነው፤ ፍም የሚጫርበት የሸክላ ስባሪ። ቀጥሎ ገሉን የያዘውን እጅ አየ። ቀጥሎ ጣቶቹን አየ። ትንሿ ጣት ወደ መዳፉ ታጥፋለች። ፊቷን ለማየት አልደፈረም። እሳቱ ግን ቦግ አለ፤ ብርሃኑ በሴትዮዋ ውስጥ አልፎ ከኋላዋ ያለውን መቃን አበራው።

«ግቡ ያልከኝ አንተ ነህ?» አሉ እማማ ላቀች።

«እኔ ነኝ፣ እማማ።»

«በማን ቤት ነው ግቡ የምትለኝ?»

እማማ ላቀች ገቡና መደቡ ላይ ተቀመጡ። በሕይወት ሳሉ መደብ ላይ ሲቀመጡ ያቃስቱ ነበር፤ አሁንም አቃሰቱ። እንግዳሸት እንደዚያ ሲያቃስቱ ሲሰማ ነው ይበልጥ የፈራው ይላሉ።

ቤት ታውቃለህ ይላሉ፣ እስቲ ይሄን ቤት ንገረኝ አሉት። ጉሮሮውን ጠረገ። ለገዢ የሚለውን ጀመረ። ምሰሶው ወይራ ነው፣ የልጅ ልጅ ይቀብራል። በሩ ለነፋስ ጀርባውን ሰጥቷል። ምርጊቱ ሳይሰነጠቅ ስንት ክረምት አልፎታል።

«ምሰሶውን ያቆምኩት እኔ ነኝ» አሉ። «ለኔ ልትሸጥልኝ ነው?»

እንግዳሸት አፈረ። በሕይወቱ ቤት ተናግሮ አፍሮ አያውቅም። እንግዲህ ያኔ ነው ዞር ብሎ ቤቱን ያየው። ገዢ ሳያስብ፣ እንዲሁ ያየው። ምድጃው አጠገብ ግድግዳው ላይ አንድ ቦታ እንደ ቅቤ ያበራል። ምንድን ነው? የሰው ጀርባ ነው። ልጅ የምታጠባ ሴት ሌሊት ሌሊት ተደግፋ ያለሰለሰችው ነው። እኔ አውቀዋለሁ፣ እናንተም ታውቁታላችሁ። ከበሩ ጎን ዝቅ ብሎ፣ ከጉልበት በታች፣ አንድ ችካል ተተክሏል። ትልቅ ሰው እዚያ ምን ይሰቅላል? ምንም። ገና ለማይራመድ ልጅ፣ ሲያድግ በትሩን እንዲሰቅልበት አባቱ አስቀድሞ የተከለው ነው። ጓዳ ውስጥ የእንስራ ማስቀመጫ ሁለት ነው፤ አንዱ በዚህ ጥግ፣ አንዱ በዚያ ጥግ፣ እስከሚቻለው ድረስ ተራርቀው።

ያየውን ሁሉ ነገራቸው። እንስራዎቹ ላይ ሲደርስ ተጣልታችሁ ነበር አለ።

እማማ ላቀች ሳቁ። «ነበር? አሁንም አልታረቅንም። ዕንጨት አማገድ አታውቅም። ጨው ታበዛለች። አንደበቷ እሾህ ነው።» ከዚያ ድምፃቸው ወረደ። «ስታመም ግን ማን አገላበጠኝ? ልጆቼ? ልጆቼ ለተዝካሩ በሬ ይከራከሩ ነበር። እሷ እያጉረመረመች፣ እኔ እየተሳደብኩ፣ ክረምቱን ሙሉ ስታገላብጠኝ ከረመች። የመጨረሻውን ውሃ ያጠጣችኝ እሷ ናት። እሱንም አፈሰሰችብኝ።»

ከዚያ ጠየቁት። ቤቱ የማን ነው? አሉት።

እንግዳሸት ደላላ ነው። ለዚህ ጥያቄ ሁልጊዜ መልስ አለው፤ የሚሸጠው ሰው ነው ባለቤቱ። ነገ ገዢ ይመጣል። አንዳርጌ ዱላ የሚወድ ሰው ነው። ይሄን ሁሉ ሊል ሲል ግድግዳው ላይ ያንን የሚያበራ ቦታ አየ።

«የደብሪቱ ነው» አለ።

«እንግዲያው ፍሙን ውሰድላት» አሉት። ገሉን ዘረጉለት። በየማታው ፍሙን ጭሬ ልወስድላት ስል ደፉን ሳልሻገር ይጠፋብኛል አሉ። ሙት እሳት ማዳፈን እንጂ መሸከም አይችልም አሉ። ልጆችዎ ይገድሉኛል አላቸው። የኔ ልጆች ናቸው፣ ለነሱ እኔ አለሁ አሉት። አንተ ብቻ ወደ ኋላህ እንዳትዞር።

እንግዳሸት ገሉን ተቀበለ። ገሉ እንደ ወንዝ ድንጋይ ቀዝቅዟል። ፍሙን ጫረበት፤ አልጠፋም። ወጣ።

ጨልሟል። መንገዱ በአንድ ወገን ገደል፣ በአንድ ወገን እሾህ ነው። ከፊቱ ያለው ብርሃን እጁ ላይ ያለው ፍም ብቻ ነው። ከኋላው ኮቴ የለም። ግን ድምፅ አለ። ቀስ በል ይላል። ነፋሱን በጋቢህ ከልል ይላል። ወንድ ልጅ እሳት አያያዝ የት ያውቃል ይላል። እንግዳሸት ጥርሱ እየተንገጫገጨ ይሄዳል። ጅብ ከማዶ ጮኸ፤ ጅቡን ወደደው። ጅብ ቢያንስ ምን እንደሆነ ይታወቃል።

መንገዱ ከሁሉ የሚጠብበት ቦታ ሲደርስ ሰው ቆሟል። ዱላ ይዟል። አንዳርጌ ነው። የእናቱ ቤት ላይ በማታ ጭስ አይቶ ደብሪቱ ተመልሳ ገብታ እንደሆን ሊያይ መምጣቱ ነው። ደላላውን ሲያይ ገረመው። በእጅህ የያዝከው ምንድን ነው አለው። እሳት ነው አለው። የማንን እሳት? ለማን?

እንግዳሸት ፈሪ ነበር። ይሄን ሁሉም ይመሰክራል። ጠጅ ቤት ጠብ ሲነሳ ከጠረጴዛ ስር የሚገኘው እሱ ነው። ያን ማታ ግን ገሉን በደረቱ ልክ ከፍ አደረገው።

«የደብሪቱን እሳት ለደብሪቱ» አለ። «አያ አንዳርጌ፣ ቤቱን አልሸጥልህም። አልተለቀቀም። ሌላም ደላላ ብትጠራ አልተለቀቀም ብዬ በገበያ እናገራለሁ።»

አንዳርጌ ዱላውን አነሳ። ገደሉ እዚያው ነው፤ አንድ ምት ይበቃል። እንግዳሸት ዓይኑን ጨፈነ፤ ገሉን ግን አልለቀቀም።

ከኋላው ድምፁ መጣ። እንደ ቅድሙ አይደለም። ለሕፃን እንደሚወጣ ድምፅ ነው።

«አንዱዬ።»

አንዳርጌን እንደዚያ ብሎ የሚጠራው አንድ ሰው ብቻ ነበር። ዱላው አየር ላይ ቀረ። ከዚያ ገደሉ ውስጥ ሲወድቅ፣ ድንጋይ ላይ ሲነጥር ተሰማ፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ከዚያ ወንዙ ዋጠው። አንዳርጌ ምን አየ? አልተናገረም። እስኪሞት አልተናገረም። እንግዳሸት ዓይኑን ሲገልጥ አንዳርጌ እሾሁ ውስጥ ተጣብቆ፣ ጋቢውን ከትከሻው አውርዶ፣ ታላቅ እንደሚያሳልፍ ሰው ጎንበስ ብሏል። እንግዳሸት አለፈ። ካለፈ በኋላ ታች መታጠፊያው ጋ ሲደርስ በጎን ሰረቅ አድርጎ አየው። አንዳርጌ አሁንም ጎንበስ እንዳለ ነው። ሰውየውማ አልፏል። ታዲያ ማንን ነው የሚያሳልፈው? እናንተ ንገሩኝ።

ደብሪቱ የጥጃ ማሰሪያው ጥግ ልጇን አቅፋ በጨለማ ተቀምጣለች። ፍሙ ሲገባ ፊቷ ታየ። እንግዳሸት እየተንተባተበ ሁሉን ነገራት። አላለቀሰችም። ማን አዳፈነው? አለች። ነገራት።

«እሷማ አመድ ታበዛለች» አለች ደብሪቱ።

ተነሳች። ልጇን በአንቀልባ አዘለች። ገሉን ከእጁ ተቀበለች። ጎረቤቷ ከእንቅልፏ ነቅታ ያዘቻት። ይንጋልሽ እንጂ አለቻት። በዚያ መንገድ በዚህ ሰዓት ሴት ብቻዋን አትሄድም፣ ያውም ሕፃን አዝላ፣ ያውም ስሙ የማይጠራው ነገር በሚዞርበት ሰዓት። እንግዳሸትም እሸኝሻለሁ አላት።

«አያ እንግዳሸት፣ አንተ ተቀመጥና እረፍ» አለችው። «ወደ ቤቴ ለመሄድ ሸኚ አልፈልግም።»

ሄደች። ፍሟ ዳገቱን ሲወጣ ከታች ያያሉ። ትንሽ ቀይ ነገር፤ ይጠፋል፣ ይታያል። ከዚያ ዳገቱ ራስ ላይ ደርሶ ገባ። ጥቂት ቆይቶ ጨለማው ውስጥ ጭስ ሸተታቸው።

በነጋታው ነጋዴው ከነሽማግሌዎቹ መጣ። አንዳርጌና ታናሹም መጡ። እንግዳሸት ከሁሉ ፊት ሄዶ አጥሩ ጋ ቆመ። ጭሱ ከክዳኑ ይወጣል። «ቤቶች» አለ። እንደዚያ ጮክ ብሎ ብሎት አያውቅም ይላሉ።

«ማነው?» አለች ደብሪቱ ከውስጥ። «ለጥየቃ ከሆነ ግቡ። ለሌላ ከሆነ በመጣችሁበት ተመለሱ።»

እንግዳሸት ወደ ነጋዴው ዞረ። ይሄ ቤት ሰው አለበት አለው፤ ሌላ አገኝልሃለሁ። ታናሹ ወንድም አፉን ሊከፍት ሲል አንዳርጌ እጅጌውን ያዘው። ከዚያ ጫማውን አወለቀ። ደጁ ላይ፣ ሰው ሁሉ እያየው፣ ጫማውን አውልቆ ወደ ቤቱ አንዴ እጅ ነሣና ዳገቱን ወረደ። ለደብሪቱ ነው እጅ የነሣው? እንጃ። ደብሪቱ አጠገብ መደቡ ላይ ማን እንደተቀመጠ እሱ ያውቃል።

ቆይቶ ቆይቶ ውሃ ሲቀዱ ሴቶች ጠየቋት። ያን ሌሊት ብቻሽን ስትሄጂ አልፈራሽም? አሏት። ደብሪቱ እንስራዋን እያነሳች፣

«ብቻዬን?» አለች። «መች ብቻዬን ለቀቀችኝ። ከወንዙ እስከ ደጄ ስትሰድበኝ ነው የመጣችው። ልጁን ወደ ላይ ሳቢው፣ ገሉን አታዘንብዪው፣ እሱን ድንጋይ አትርገጪው፣ ኧረ ምን ዓይነት ሴት ነው ልጄ ያገባው።»

ጓዳዋ ውስጥ ሁለተኛውን የእንስራ ቦታ እስክታረጅ ድረስ አላነሳችውም። እንግዳሸትም ከዚያ ወዲህ ቤት አሻሽጥልን ሲሉት መጀመሪያ ምድጃውን አሳዩኝ ይላል። አመዱን ይጭራል። ፍም ካገኘ ተነስቶ ይወጣል።

እንዲህ ያለ ታሪክ የሚያወሩ ሰዎች ሲጨርሱ በጨለማ ብቻችሁን አትሂዱ ይላሉ። እኔ አልልም። ቤታችሁ ከሆነ ሂዱ። በሌሊትም ቢሆን፣ ልጅ አዝላችሁም ቢሆን ሂዱ። መፍራት ያለበት በሰው ምድጃ ተቀምጦ «ግቡ» የሚለው ነው። እሱ ይፍራ። ነገ ደላላው መጥቶ እዚህ በር ላይ «ቤቶች» ሲል እንደ ዛሬው ዝም እንዳንል። እኔ ዝም ብዬ ነበር፤ አንቺም ዝም ብለሽ ነበር። ነገ ሁላችንም እዚሁ እንሁን።

በቃ፣ መሽቷል። ልጆቹን አንሱ። ማንደጃውን ውሃ እንዳታፈሱበት፤ እኔ አዳፍነዋለሁ። እትዬ፣ ይቀመጡ፤ አይነሱ፣ እኔ አለሁ። ይተዉት እንጂ እትዬ፣ እጅዎ ይቆሽሻል።

እሺ። በጄ። የአመዱን ማንካ ስጧቸው።

እርስዎ ያዳፍኑት።